የሌላ ሴት ቤት

ጎረቤታችን ፋኒ ትኩስ ወሬ ይዛ የመጣች ዕለት ጫማዋን ሳትጠርግ ነው የምትገባው። ያን ዕለትም ጭቃዋን እየጎተተች ገባችና መስፊያው ዙሪያ የተቀመጥነውን እኔንና የወንድሜን ልጅ ላቪናን ተራ በተራ አየችን።

«ኤላም አሁንም እዚያው ነው» አለች።

«የት?» አልኳት፣ የት እንደሆነ እያወቅኩ።

«የት ይሆናል እትዬ ሰሎሜ! እንግሊዟ ቤት ነዋ! ትናንት በመኪናዋ አሳፍራው ሳንቃ ሊገዙ ሲሄዱ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። መስኮቱን ከፍታ፣ ጸጉሯን ነፋስ እየበተነው ትስቃለች። እሱም ይስቃል።»

እኛ አሚሾች፣ አሜሪካ ገጠር ያለ መኪና በአባቶች ወግ የምንኖር ክርስቲያኖች፣ ከወገናችን ያልሆነውን ሁሉ እንግሊዝ ነው የምንለው። ቪቪያን ግን የፊላደልፊያ ሴት ናት። ባሏ ትቷት ሲሄድ እኛ ሰፈር ያለውን አሮጌ የገበሬ ቤት ገዛችና «ውስጡን በአሚሽ ወግ ሥሩልኝ» ብላ ኤላምን ቀጠረችው። እንግዲህ በጋውን ሙሉ እዚያው ነው። እኔና ላቪና ስንሰፋ የነበረው የአልጋ ልብስም የእሷው ትእዛዝ ነበር።

ላቪና ከስፌቷ ቀና አላለችም። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሰፋችው ሁሉ ረዘም ረዘም ያለ፣ የሚያሳፍር ስፌት ነበር፤ እኔ ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት። ቅናት የያዘው እጅ ለመርፌ አይሆንም።

ኤላምና ላቪና እንደሚዋደዱ የምናውቀው እኔና አባቷ ብቻ ነበርን፤ ወጋችን ነው፣ ነገሩ በማኅበሩ ፊት እስኪነገር ይደበቃል። እሑድ ማታ ወጣቶቹ ዘምረው ሲለያዩ በጋሪው ወደ ቤት የሚያመጣት እሱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፤ የሌለው መሬት ብቻ ነው። አባቷ ጌዲዮን ደግሞ የማኅበራችን ዲያቆን፣ ባለ ብዙ መሬት፣ ቃሉ አጭር፣ ፊቱ ረጅም ሰው ነው። ታናሽ ወንድሜ ቢሆንም እፈራዋለሁ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ልጅቱን ያሳደግኳት እኔ ነኝና ክረምቱን ሙሉ ጨቀጨቅኩት። በመጨረሻ ሲሰለቸው «እሺ፣ ሴሌሪውን ትከሉት። ሠርግ ባይሆን ላም ይበላዋል» አለኝ።

ሴሌሪ ረጅም ግንድ ያለው ቅጠላ አትክልት ነው፤ ያለ እሱ የእኛ ሠርግ አይሆንም። ከዶሮው ጋር ይበስላል፣ በወተት ይሠራል፣ ቅጠሉም በብርጭቆ ማሰሮ ተሰክቶ እንደ አበባ ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ልጃገረድ ባለችበት ጓሮ ሴሌሪ በዛ ብሎ የታየ እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ ይጠረጥራል። እኔ ከበቆሎው ጀርባ ተከልኩት፣ ውኃ አጠጣሁት፣ ግንዱ ነጭ እንዲሆን በወረቀት ጠቀለልኩት። ልጅ ሳልወልድ ያጠባሁት እሱን ነው ማለት ይቻላል።

የአልጋ ልብሱ እንዳለቀ እኔና ላቪና ይዘንላት ሄድን።

እንደገባን ላቪና በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። እኔም ከኋላዋ ሆኜ አየሁት። ግድግዳው የዳክዬ እንቁላል ቀለም፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ተቀብቷል። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል፤ ከሥሩ ክዳን ያለው፣ ስፌት የሚከተትበት መቀመጫ አለ። መጋረጃ የለም፤ ወደ ላይ የሚጠቀለል አረንጓዴ ሸራ ብቻ። በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መሀል ያለው የእንጨት ግድግዳ ተጣጣፊ ነው፤ የእሑድ ጸሎታችን በየቤቱ በተራ ነውና፣ ተራው ሲደርስ ይከፈትና ሁለቱ ክፍል አንድ ይሆናል። ከምድጃው አጠገብ ደግሞ ለሰዓት የምትሆን አንዲት ትንሽ መደርደሪያ ተሠርታለች፤ ባዶዋን ነበረች።

ይህን ቤት አውቀዋለሁ። ላቪና ኤላም በጋሪው ባመጣት ቁጥር «ዛሬም ስለ ቤታችን ሳወራለት መጣሁ» እያለች ከነመስኮቱ፣ ከነቀለሙ ስትነግረኝ ኖራለች። እንቅልፍ እየወሰደኝ እንኳ አውቀዋለሁ። ቤቷ ነው። የሌላ ሴት ዕቃ ተቀምጦበታል።

ቪቪያን ረጅም፣ ሳቂታ ሴት ናት። የአልጋ ልብሱን ተቀብላ አቀፈችውና «ይሄማ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው!» አለች።

«ግድግዳውም ይበርደዋል እንዴ?» አለቻት ላቪና።

ቪቪያን ቀልድ መስሏት ከልቧ ሳቀች። «እንዴት ነው ታዲያ ቤቴ? እኔ ምንም አላልኩም፤ ሁሉም የኤላም ሐሳብ ነው። በአሚሽ ወግ ሥራልኝ አልኩት፣ አለቀ። ይሄ ሰው የሴት ልብ ያውቃል!»

«ያውቃል» አለች ላቪና።

ያን ጊዜ ኤላም ገና ያልተመቱ የልብስ መስቀያ እንጨቶች ተሸክሞ ከጓሮ ገባ። ላቪናን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ፊቷን አይቶ መልሶ ጠፋ። ቪቪያን «ኤላምዬ፣ ምን ሆነሃል!» ብላ ከጸጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ በጣቷ አነሳችለት። እንደ ቀላል ነገር፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። እሱም ዝም ብሎ ቆመላት።

ላቪና ወደ ጋሪው ስትሄድ ተከተልኳት። መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም። ከቤት ስንደርስ ብቻ «አክስቴ፣ ሌላ ሴት ቢወድ እችለው ነበር። ቤቴን ሰጣት» አለችኝ። እኔም ያየሁትን አይቻለሁ።

በማግስቱ ላሞቹን አልቤ ስወጣ ጓሮው ባዶ ነው። ከበቆሎው ጀርባ ያለው መሬት ተላጭቷል። እየሮጥኩ ወደ መንገድ ወጣሁ። ላቪና መንገድ ዳር ባለችው የአትክልት መሸጫችን ቆማ፣ ሴሌሪዬን በጎመኑና በዱባው መሀል ደርድራ ትሸጣለች።

«ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል?»

«ሴሌሪ እየሸጥኩ ነው።»

«ሰው ሁሉ አየኮ!»

«ይይ።»

አየም። ጋሪ እየቆመ፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን እያፈጠጡ ገዙ። ፋኒ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች፤ አንዴ ለመግዛት፣ አንዴ ለማየት። ሙሽራ ሴሌሪዋን መንገድ ላይ ካወጣች ሠርግ የለም ማለት ነው፤ ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። መሬት ያለው የጎረቤታችን ልጅ ቤኑኤልም መጣ፤ ሴሌሪ እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ትልቅ እስር ገዛና «እሑድ በጋሪዬ ላድርስሽ?» አላት። እሷም ያለወትሮዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ለምን አታደርሰኝም!» አለች።

ድምጿን ከፍ ያደረገችው ኤላም ከኋላው ቆሞ ስላየችው ነው።

መቼ እንደደረሰ አላወቅኩም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። መጀመሪያ ያየው እሷን አይደለም፤ ሴሌሪውን ነው። የቀረው ጥቂት ነበር። ከዚያ ወደ ቤኑኤል አየ፣ ከቤኑኤል ጀርባ ወዳለው ሰፊ ማሳም አየ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እሷ ያየው፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ላቪና የፈለገችው እንዲቆጣ ነበር። አልተቆጣም። በደረቷ የያዘችውን ጎመን አስቀምጣ እኔን ስታየኝ ዓይኖቿ መንገድ የጠፋባት ሰው ዓይን ነበሩ።

ማታ ጌዲዮን እራት ላይ «እንግዲህ ላም አልበላውም፤ ሰው በላው» አለ። ደስ ብሎት ይሁን አዝኖ ከፊቱ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ላቪናም ሳትበላ ተነሣች።

እሑድ ደርሶ ቤኑኤል ጋሪውን አቁሞ ቢጠብቅ እሷ ራሴን አሞኛል ብላ ከእኔ ጋር ቀረች። ወዲያው ቪቪያን ላከችብን፤ የአልጋ ልብሱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ከጀርባው የእንጨት ማስገቢያ ስፉልኝ ብላ።

«ግድግዳዋን ራሷ ታልብሰው!» አለች ላቪና።

«የጀመርነው ሥራ ነው፣ እንጨርሰዋለን። ደግሞ እዚያ ከሌለስ?» አልኳት።

«ከሌለ ምን አገባኝ!» አለችና ለመውጣት ከእኔ ቀድማ ተዘጋጀች።

በወንድሜ ቤት መዘጋጀት ለላቪና ቀላል አይደለም። ልጅቱ አጭር ናት፤ አባቷና ወንድሞቿ የስልክ እንጨት ናቸው። የልብስ መስቀያው ሁሉ በእነሱ ቁመት ነው የተመታው። እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የመንገድ ቆቧን ለማውረድም ለመስቀልም የወተት ሳጥን ላይ ትወጣለች፤ ወንድሞቿ ሳጥኑን ይደብቁባትና ይስቃሉ። ለምዳዋለች። ስለ ቤቷ ያን ሁሉ ስታወራ እንኳ መስቀያን አንሥታ አታውቅም።

ጌዲዮን ወደ ገበያ ሲሄድ የቪቪያን በር ላይ አወረደን። ላቪና ማንንም ላለማየት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ገባች። ጥቁሩን የመንገድ ቆቧን ፈታች፣ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች፣ ሰቀለችና አለፈች።

እኔ ቆምኩ። እጇ ደርሶ ነበር። ያለ ሳጥን፣ በጣቷ ሳትቆም፣ ሳታይ እንኳ።

ቪቪያን ግን በመስቀያዎቹ ተማርራ ነበርና ወዲያው ጀመረች። «እትዬ ሰሎሜ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ! እናንተ ሰዎች ተንበርክካችሁ ነው የምትኖሩት? ይሄ መስቀያ ደረቴ ጋ ነው። ኮቴን ስሰቅለው ወለል ይጠርጋል። ልክህን ተሳስተሃል ብለው አልተሳሳትኩም ይላል። ከፍ አድርገው ብለው ጆሮው ቀላ!»

ላቪና ዞረች። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የከበቡትን መስቀያዎች አየች፤ ከዚያ የራሷን ቆብ አየች። ተመልሳ ሄዳ አወረደችውና ቀስ ብላ እንደገና ሰቀለችው። ጀርባዋ ለእኛ ስለነበር ፊቷን አላየሁም።

ኤላም ከተጣጣፊው ግድግዳ አጠገብ መላጊያውን እንደያዘ ቆሟል።

«ማን ለካው?» አለች ሳትዞር።

«እኔ።»

«በምን ለካኸው?»

«ከጋሪ ስትወርጂ ራስሽ እዚህ ጋ ነው የሚደርሰው» አለና ትከሻውን ነካ። «ሳትንጠራሪ እንድትደርሺ ከዚህ አንድ ስንዝር ዝቅ አደረግኩት።»

እሷም ፈነዳች። «ቤቴን ሰጠሃት ኤላም! መስኮቱን! ቀለሙን! በጨለማ በጋሪህ ላይ የነገርኩህን አንድ ሳታስቀር ወስደህ ጸጉርህን ለምታበጥርልህ ሴት ሰጠሃት!»

«አላበጠረችኝም።»

«ፍቅፋቂ አነሣችልህ!»

«አንሥታ ይሆናል፤ እኔ አንቺን እያየሁ ነበር።» መላጊያውን አስቀመጠ። «በአሚሽ ወግ ሥራልኝ አለችኝ። ብዙ ቤት ገብቼ ሠርቻለሁ ላቪና። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ቤት ግን አንድ ነው።»

«ታዲያ ጨፍነህ አትቀመጥም ነበር!»

«መሬት የለኝም። አባትሽ እምቢ ካሉ ያንን ቤት በዕድሜዬ አላየውም። አንድ ጊዜ ቆሞ ልየው ብዬ ነው፤ በሰው ግቢም ቢሆን።» ድምጹ ተሰበረ። «አንቺ ግን መንገድ ዳር አውጥተሽ ሸጥሽኝ። ከዱባ ጋር።»

ላቪና አፏን በእጇ ያዘች። እንባዋ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል።

ቪቪያን መስኮቱ ሥር ያለው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች። ተራ በተራ አየቻቸው፤ መስቀያውን፣ ዝቅ ያለውን የወጥ ቤት ጠረጴዛም አየች። «ወገቤን የሚያመኝ ለዚህ ነዋ» አለች ለራሷ። «ባሌ ትቶኝ የሄደው ሌላ ሴት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ሌላ ሴት ቤት ገባሁ።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ሰዓቱንም የከለከልከኝ ለዚህ ነው አይደል?»

«የምን ሰዓት?» አለች ላቪና።

«የእንጨት ሥራ ሱቁ ውስጥ በጨርቅ የጠቀለለው። መደርደሪያው ባዶ ሆነብኝ፣ የፈለግከውን ልክፈልና ሽጥልኝ አልኩት። ባለቤት አለው አለኝ። ሰዓት አይሸጥም እንዴ እናንተ አገር?»

ይሸጣል። ግን እኛ ዘንድ የቃል ኪዳን ቀለበት የለም፤ ወንድ ልጅ ለሚያገባት ሴት በእጁ የሚያቀብላት ሰዓት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ አንዲት ሴት። ለእኔ የሰጠኝ ስለሌለ ዕድሜዬን ሙሉ ጊዜን የማውቀው ከላሞቹ ነው።

ላቪና ወደ ኤላም ሄደች። «ሰዓቱን ካልሰጠሃት መደርደሪያውን ለምን ሠራህላት?»

«ቤትሽ ውስጥ ነበረበት» አላት። «ዘልዬው ማለፍ አልቻልኩም።»

የዚያን ጊዜ የበሩ ብርሃን ጠቆረ። ጌዲዮን ሊወስደን መጥቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ምን ያህል እንደሰማ እግዜር ይወቀው። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። ወደ ተጣጣፊው ግድግዳ ሄዶ በአንድ ጣቱ ገፋው፤ ያለ ድምፅ ተከፈተና ሁለቱ ክፍል አንድ ሆነ።

«የማኅበሩን አግዳሚ ወንበር ስንቱን ይይዛል?» አለ።

«ሁሉንም ዲያቆን» አለ ኤላም። «ተለክቶ ነው።»

«ለዚህች ሴትዮ ምን ይሠራላታል?»

«ምንም አይሠራላትም።»

ጌዲዮን ጺሙን ዳሰሰ። ከዚያ የላቪናን ቆብ ግድግዳው ላይ አየው። አተኩሮ አየው። መስቀያው የእሱ ሆድ አካባቢ ነው። ጎንበስ ብሎ ቆቡን አወረደና ለላቪና ሰጣት። «ጋሪው ላይ ውጪ» አላት፤ ያ ብቻ ነው።

ላቪና ግን ሳትወጣ ወደ ቪቪያን ተመለሰች። የአልጋ ልብሱን ከጠረጴዛው አንሥታ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «አልጋሽ ላይ አንጥፊው» አለቻት። «የሚበርደው ሰው ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም።» ቪቪያን እጇን ያዘቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ላቪና በእኔና በአባቷ መሀል ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ተስፋ ከቅናት የበለጠ እንደሚያስፈራ ያን ዕለት ከትከሻዋ አወቅኩ።

ለእራት ድንች ስልጥ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ ወንድሜ በሩ አጠገብ ያለውን መስቀያ ነቅሎ፣ ዝቅ አድርጎ፣ በአፉ ምስማር ነክሶ ይመታል።

«አሁን ነው እንዴ ጌዲዮን? ያን ሁሉ ዓመት ሳጥን ላይ ስትወጣ ኖራ፣ ልትሄድ ስትል?»

ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «ስትመጣ ትሰቅልበታለች» አለ፤ ፊቱን ግን ወደ እኔ አላዞረም።

በጥቅምት አንድ እሑድ ጸሎቱ ፋኒ ቤት ሆነ። ላቪና አልመጣችም፤ በማኅበሩ ፊት ስሟ የሚጠራ ሙሽራ ያን ቀን ቤት ቀርታ ለእጮኛዋ ምሳ ትሠራለች። ኤላም ከወንዶቹ ረድፍ መጨረሻ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። በመጨረሻ ወንድሜ ተነሣ። ሴሌሪው መሸጡን የማያውቅ ሰው ስላልነበረ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ ቤኑኤል እንኳ አንገቱን አሰገገ።

«ልጄ ላቪናና ኤላም ሊጋቡ ነው። ሠርጉ በኅዳር ነው። ሁላችሁም ተጠርታችኋል» አለ ጌዲዮን። ሊቀመጥ ጎንበስ አለና እንደገና ቀና አለ። «ሴሌሪ ያለው ሰው ሴሌሪ ይዞ ይምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጺማቸው ውስጥ ቀበሩት። ፋኒ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ኤላም ባርኔጣውን አነሣ፤ ወጉ እንደሚያዘው መዝሙሩ ሳያልቅ ብቻውን ወጣ።

በመስኮቱ አየሁት። ፈረሱን ፈታ፣ ከጋሪው መቀመጫ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር አውጥቶ ጭኑ ላይ አደረገው፤ መንገዱ እንዳያንገጫግጭበት በአንድ እጁ አቅፎት በሌላው ልጓሙን ያዘ። በበቆሎው መሀል እየራቀ ሲሄድ ቤት የምትጠብቀው ልጅ በሐሳቤ ታየችኝ፤ ነጩን ቆቧን እያስተካከለች፣ ምሳው እያረረባት፣ በየደቂቃው ወደ በሩ የምትሮጥ።

እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ ሴሌሪውን የተከልኩላት፣ ስፌቷን ያቃናሁላት። መዝሙሩን ከሁሉም ጮክ ብዬ ዘመርኩ። ጋሪው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁባት።